ሰንጢና የእንጨት ማንኪያ፤ ከእንጀራ ሙያነት ወደ ትርፍ ጊዜ ጥበብነት

የሰው ልጅ ከሠራቸው ዕቃዎች መካከል እንደ ቢላዋና እንደ ማንኪያ ከእጁ ያልተለየ፣ ነገር ግን የእነዚህን ያህል ታሪኩ ያልተጻፈለት ማግኘት ያስቸግራል። ነገሥታት የታጠቁት ሰይፍ በቤተ መዘክር በክብር ሲቀመጥ፣ ገበሬው ዳቦውን የቆረጠበት ሰንጢና ገንፎውን የበላበት የእንጨት ማንኪያ ግን እስኪያልቁ ካገለገሉ በኋላ አንዱ ከጉድፍ ጋር ይጣላል፤ ሌላው ምድጃ ውስጥ ይገባል። ይሁንና በዛሬው ዘመን የዛገ ሰንጢ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝተው የሚያድሱ፣ ከእርጥብ እንጨትም ማንኪያ የሚጠርቡ ብዙ ሰዎች በአውሮፓና በአሜሪካ ይገኛሉ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ኑሯቸው በሌላ ሥራ የተመሠረተ ነው። ሰንጢ የሚያድሱት ሰንጢ አጥተው፣ ማንኪያ የሚጠርቡትም የሚበሉበት ቸግሯቸው አይደለም።

ይህ ሁኔታ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። አንድ ሙያ የእንጀራ ማግኛነቱ ካበቃ በኋላ በፍቅር ብቻ ሊኖር ይችላልን? ቢኖርስ የሚተርፈው የትኛው ክፍሉ ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት በሰሜን እንግሊዝ የምትገኘውን የሼፊልድን ከተማና ከእርሷ በስተ ምዕራብ ተራሮች መካከል ያለችውን የኢዴይልን መንደር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በሚከተለው ሐተታ ውስጥ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የወንዞቹ ከተማ

ሼፊልድ ዶን፣ ሺፍ፣ ፖርተር፣ ሪቭሊንና ሎክስሊ የሚባሉ አምስት ወንዞች ከኮረብታ ወርደው የሚገናኙባት ከተማ ናት። ተፈጥሮ ለቢላዋ ሥራ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ስፍራ አከማችታላታለች። የወንዞቹ ውሃ መንኮራኩር ያዞራል፤ ኮረብታው ለመሳያ የሚሆን የአሸዋ ድንጋይ ይሰጣል፤ በዙሪያው የነበረው ደን ደግሞ የከሰል ምንጭ ነበር። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ባለቅኔው ጄፍሪ ቾሰር ከካንተርበሪ ተረቶቹ በአንደኛው ስለ አንድ ባለ ወፍጮ ሲተርክ፣ ሰውዬው በእግር ሹራቡ ውስጥ የሼፊልድ ቢላዋ ሻጥ አድርጎ እንደሚሄድ ጽፏል። የከተማይቱ ስም ገና በዚያን ጊዜ ከስለት ጋር ተያይዞ ይታወቅ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1624 በእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ የሃላምሺር ቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። የማኅበሩ ተግባር የተለማማጆችን አቀባበልና የሥራውን ጥራት መቆጣጠር፣ እንዲሁም እያንዳንዱ ባለሙያ በሠራው ስለት ላይ የሚያትመውን ምልክት መዝግቦ ማስከበር ነበር። ይህ ምልክት የባለሙያው ፊርማና የክብሩ መያዣ ስለነበረ፣ የሌላውን ሰው ምልክት አስመስሎ ማተም እንደ ስርቆት ይቆጠር ነበር። በ1740ዎቹ ደግሞ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ፣ ለሰዓት ሞላ የሚስማማ ንጹሕ ብረት ሲፈልግ ቆይቶ፣ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ አቅልጦ አንድ ወጥ የሆነ ዓረብ ብረት የማውጣት ዘዴ አገኘ። ይህ ዘዴ ከጊዜ በኋላ የሼፊልድን ስለት በዓለም ገበያ የታወቀ አደረገው።

ተጣጥፎ ኪስ የሚገባው ሰንጢ ከዚህች ከተማ ሥራዎች ሁሉ ብልሃት የሚጠይቀው ነው። ትንሹ ዓይነት በመጀመሪያ የታሰበው ለጸሐፊዎች ነበር። የብራና ጸሐፊ መቃውን በቢላዋ እንደሚቀርጽ ሁሉ፣ የአውሮፓም ጸሐፊ የዝይ ላባ ብዕሩን ደጋግሞ መቅረጽ ነበረበትና ከኪሱ የማይለይ ትንሽ ስለት ያስፈልገው ነበር። ሰንጢው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስለቱ፣ ከጀርባው ያለው ሞላ፣ በግራና በቀኝ የሚደገፉት ቀጫጭን የናስ ወይም የብረት ገጾች፣ በላያቸው የሚለበሰው እጀታና ሁሉን አንድ አድርገው የሚይዙት ሚስማሮች እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ አይሠራም። ሰንጢው ተዘግቶም፣ በግማሽ ተከፍቶም፣ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም የሞላው ጀርባ ከገጾቹ ጋር እኩል እንዲሆን ባለሙያው በሞረድ ጥቂት በጥቂት እየሞረደ ደጋግሞ ይሞክራል። በደንብ የተሠራ ሰንጢ ሲከፈትና ሲዘጋ ጥርት ያለ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ የሼፊልድ ባለሙያ ሥራውን በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ይመረምረው ነበር።

ለእጀታ የሚሆነው ከብዙ አገር ይመጣ ነበር፤ የአጋዘን ቀንድ፣ የከብት አጥንት፣ ዞጲ፣ የዝሆን ጥርስና አንጸባራቂ ዛጎል። በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የጆሴፍ ሮጀርስ ድርጅት 75 ስለትና መሣሪያ ያለው ኖርፎክ የተባለ ግዙፍ ሰንጢ አቅርቧል። ኪስ የሚገባ ሳይሆን የከተማይቱን ጥበብ ለማሳየት ብቻ የተሠራ ነበር።

የስለቱ ዋጋ

ከዚህ ሁሉ ዝና ጀርባ የነበረው ኑሮ ግን ሌላ ነው። ሥራው በሦስት እጅ የተከፈለ ነበር። ቀጥቃጩ ብረቱን አግሎ ቅርጽ ያስይዛል፤ ስለት አውጪው በመሳያ ድንጋይ ላይ ይስለዋል፤ አገጣጣሚው ደግሞ ሰንጢውን ያቆመዋል። ብዙዎቹ አነስተኛ ክፍል ተከራይተው፣ ሥራውን ከነጋዴ በቁራጭ እየተቀበሉ የሚሠሩ ነበሩ። በስም የራሳቸው ጌቶች ይባሉ እንጂ፣ ዋጋውን የሚወስነው ሥራውን የሚሰጣቸው ነጋዴ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የስለት አውጪዎች ዕጣ ነበር። ከፊታቸው በፍጥነት ከሚዞረው የአሸዋ ድንጋይና ከብረቱ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ወደ ሳንባቸው እየገባ ያፍናቸው ነበር። ድንጋዩን በውሃ እያራሱ የሚሠሩት ጥቂት ይሻላቸው ነበር፤ በደረቅ ድንጋይ የሚሠሩት ግን በወጣትነታቸው ይቀጠፉ ነበር። ፍሪድሪክ ኤንግልስ በ1845 ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ ሁኔታ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ናይት የተባሉ የሼፊልድ ሐኪም የሰጡትን ምስክርነት ጠቅሶ፣ በደረቅ ድንጋይ የሚስሉት ሠራተኞች አማካይ ዕድሜ 35 ዓመት እንኳ እምብዛም እንደማይሞላ፣ በእርጥብ ድንጋይ የሚስሉትም ከ45 ዓመት እምብዛም እንደማያልፉ ገልጿል። ስለቱንና የጠረጴዛውን ዕቃ የሚወለውሉት ሴቶች ደግሞ ከቆሻሻው ለመዳን ልብሳቸውን በወረቀት ሽርጥ ሸፍነው ይውሉ ነበር።

እንግዲህ ዛሬ አንድ አዳሽ በእጁ የሚያገላብጠው አሮጌ ሰንጢ የጥበብ ሥራ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሰው ትንፋሽ የተከፈለበት ዕቃ ጭምር ነው። በስለቱ ሥር የታተመው ምልክት የድርጅቱን ወይም የባለቤቱን ስም ይናገራል፤ የስለት አውጪውን ስም ግን አይናገርም።

ውድቀቱና የመጨረሻዎቹ እጆች

የሼፊልድ ሰንጢ ውድቀት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1913 ሐሪ ብሬርሊ በዚያችው ከተማ የማይዝግ ብረት አወጣ። ይህ ብረት ለጠረጴዛ ቢላዋ ታላቅ በረከት ቢሆንም፣ ስለትን እየሳሉና ዘይት እየቀቡ የመያዝን ልማድ ቀስ በቀስ አስረስቷል። ብዕር በላባነቱ ካበቃ ቆይቶ ነበር፤ ገበሬውም ወደ ፋብሪካ ገባ። ከሌሎች አገሮች በመኪና የሚመረት ርካሽ ሰንጢ መጣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት አሠርት ዓመታት፣ በተለይም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ስመ ጥሩዎቹ ድርጅቶች አንድ በአንድ ተዘጉ ወይም ስማቸው ለሌላ ተሸጠ። በ1988 የወጣው የእንግሊዝ ሕግም ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለውን ሰንጢ፣ ስለቱ ከ3 ኢንች የማይበልጥ ተጣጣፊ ብቻ አድርጎ ወሰነ። ስለዚህ ሰንጢው ከኪስ ወጥቶ ወደ መሳቢያ ገባ።

ከመጨረሻዎቹ ታላላቅ ባለሙያዎች አንዱ ስታን ሾው ነበር። በ1926 ተወልዶ በ14 ዓመቱ ሥራ የጀመረው ይህ ሰው፣ በ2021 እስኪያርፍ ድረስ የሰንጢ ሠሪነት ስሙን ይዞ ኖረ። ሌሎች ለሦስት የተካፈሉትን ሥራ እርሱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያከናውነው ነበር። ሰንጢውን የሚሹ ሰዎችም ተራቸው እስኪደርስ ለዓመታት ይጠብቁ ነበር። ፋብሪካዎቹ ሥራውን ሲተዉት አንድ እጅ ብቻውን ይዞት ቀረ።

ዝገትና ወዝ

ሰንጢ የማደስ ትርፍ ጊዜ ሥራ የተስፋፋው በዚህ ባዶ ቦታ ነው። አዳሹ በመጀመሪያ የሚማረው ትዕግሥትን ነው። የዛገ ሰንጢ በግድ ከተከፈተ ሞላው ይሰበራል ወይም የጥፍር መያዣው ይጎዳል። ስለዚህ በመገጣጠሚያው ላይ ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጎ፣ አንድ ቀን ወይም ከዚያም በላይ ጠብቆ፣ ጥቂት በጥቂት ያንቀሳቅሰዋል። ቀጥሎም ቀዩን ዝገት በዘይትና በደቃቅ የብረት ሱፍ ያነሣል። ለመቸኮል ሲል በኤሌክትሪክ መሳያ የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ ይጸጸታል። ከግጭቱ የሚመጣው ሙቀት ቀጭኑን ስለት ያግለዋልና፣ በጫፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ቀጥቃጩ አግሎና ነክሮ የሰጠው ጥንካሬ ጠፍቷል ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራው ሥራ በአንድ ደቂቃ ይፈርሳል።

ከዚህ የበለጠው ችግር ግን የፍርድ ችግር ነው። ዝገት ብረቱን ይበላል፤ ስለዚህ መነሣት አለበት። በአሮጌ ዓረብ ብረት ላይ በዘመን ብዛት የሚወጣው ጠቆር ያለ ወዝ ግን ብረቱን ከዝገት ይከላከላል፤ የአገልግሎቱም ምስክር ነው። ሁሉን ገፎ እንደ መስተዋት የሚያበራው አዳሽ ሰንጢውን አዲስ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ከዝገቱ ጋር የባለሙያውን ምልክት ይፍቃል። በብዙ መሳል ብዛት የቀጠነ ስለት ሲያገኝም መወሰን ይኖርበታል። ስለቱን በሌላ ቢተካ ሰንጢው ሙሉ ይሆናል፤ እንዳለ ቢተወው ግን አንድ ገበሬ ወይም አንድ መርከበኛ ስንት ጊዜ ከመሳያ ድንጋይ ጋር እንደተቀመጠ የሚናገረው ቅርጽ ይቆያል። የተሻሉት አዳሾች የሚከተሉት ደንብ አጭር ነው፤ ጥፋቱን ማቆም፣ ሰንጢው እንዲቆርጥ ማድረግ፣ የቀረውን መተው።

ዕውቀት የሚጠይቅ ሌላም ነገር አለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና ከዚያም በኋላ ብዙ ሰንጢዎች በሴሉሎይድ እጀታ ተሠርተው ነበር። ሴሉሎይድ ሲያረጅ እየተበላሸ ብረትን የሚያዝግ ጋዝ ያወጣል፤ በአንድ ሣጥን አብረውት የተቀመጡትንም ሰንጢዎች ይጎዳል። ይህን የማያውቅ ሰብሳቢ አንዱን ሊያድን ሲል ብዙውን ያጠፋል።

የማንኪያው መንገድ

የማንኪያ ታሪክ ከሰንጢው ታሪክ የተለየ ቢመስልም መገናኛቸው ቅርብ ነው፤ ማንኪያው የሚቀረጸው በስለት ነውና። በቀደመው ዘመን በሰሜንና በምዕራብ አውሮፓ አርሶ አደር ቤት እያንዳንዱ ሰው የራሱ የእንጨት ማንኪያ ነበረው። በክረምቱ ረጅም ሌሊት ወንዶች ከእሳት ዳር ተቀምጠው ይቀርጹት ነበር። በዌልስ ጎልማሳው ለሚወዳት ልጃገረድ ሰንሰለትና ልብ የተቀረጸበት ማንኪያ ሠርቶ የመስጠት ልማድ ነበረው። በካርዲፍ አቅራቢያ በሚገኘው የሴንት ፋገንስ ቤተ መዘክር ከሚታዩት አንዱ 1667 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል።

ይህን የእንጨት ማንኪያ ከገበታ ካስወገዱት ከተሞች አንዷ ሼፊልድ ራሷ መሆኗ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1743 ገደማ ቶማስ ቦልሶቨር የተባለ የዚያች ከተማ ባለሙያ ብርን ከመዳብ ጋር በእሳት አጣብቆ አንድ ገጽ የማድረግን ዘዴ አገኘ። ከዚያ በኋላ ብር የሚመስል ዕቃ ከብር ባነሰ ዋጋ ተሠራ፤ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ይበልጥ የረከሱ የብረት ማንኪያዎች ተከተሉ። የእንጨት ማንኪያ ከገበታ ተነሥቶ ድስት ወደ ማማሰል ወረደ፤ በዚያም የመኪና ሥራ ሆነ።

ማንኪያ መቅረጽ ለሌላ ዓላማ እንደገና የታሰበው በስዊድን ነው። በ1870ዎቹ ኦቶ ሳሎሞን በአጎቱ በአውጉስት አብራሃምሰን ርስት በኔስ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤትና የመምህራን ማሠልጠኛ አቋቋመ። ሳሎሞን ስሎይድ በተባለው በዚህ ትምህርት ልጁ አናጢ እንዲሆን አልፈለገም። የፈለገው ልጁ በእጁ አስቦ፣ በዓይኑ መዝኖ፣ የጀመረውን እንዲፈጽም፣ ሥራንም እንዲያከብር ነበር። የትምህርቱ መነሻ መሣሪያ ቢላዋ ነበረ፤ ተማሪዎቹም ከቀላል ጀምረው እየከበደ በሚሄድ ተራ ከሚሠሯቸው ዕቃዎች መካከል ማንኪያ ይገኝበታል። ከብዙ አገሮች የመጡ መምህራን በኔስ ተምረው ትምህርቱን ወደየአገራቸው ወስደዋል። ስለዚህ ዕቃ መሥራት ለሽያጭ ሳይሆን ለሠሪው መታነጽ ነው የሚለው ሐሳብ ሥርዓት ካገኘባቸው ስፍራዎች አንዱ ኔስ ነው።

ከኢዴይል መስክ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት ይህን ቅርስ ካስፋፉት መካከል በሰሜን ስዊድን በቬስተርቦተን የዕደ ጥበብ አማካሪ የነበረው ዊሌ ሱንድክቪስት (1925–2018) ዋነኛው ነው። በቢላዋና በመጥረቢያ ስለ መቅረጽ የጻፈው መጽሐፍ በ1990 በእንግሊዝኛ ታትሞ በብዙ አገሮች ተነቧል። መጽሐፉ ስለ ማንኪያው ቅርጽ ብቻ ሳይሆን፣ ቢላዋው እንዴት እንደሚያዝ፣ ጉልበት ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚመጣና ስለቱ ቢያመልጥ የሚያቆመው ምን እንደሆነ ያስተምራል። የሥራው ምሥጢር ያለው በእነዚህ የእጅ አያያዞች ነውና።

በእንግሊዝ ደግሞ ነገሩ የመቋረጥ አደጋ ላይ ደርሶ ነበር። በበርክሺር በበክልበሪ መስክ በእግር በሚረገጥ ቶርኖ የእንጨት ገበቴ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ሌይሊ በ1958 ሲሞት ተተኪ አልነበረውም። ቶርኖው በሬዲንግ ከተማ ወደሚገኘው የገጠር ኑሮ ቤተ መዘክር ገባ። ከዓመታት በኋላ ሮቢን ውድ የተባለ ሰው ይህን መሣሪያ አይቶ፣ የሚያስተምረው ሰው ሳይኖር፣ ከመሣሪያውና ከአሮጌ ገበቴዎች ላይ በቀሩት ምልክቶች እየተመራ ሙያውን እንደገና ሠራው። አንድ ተለማማጅ ከጌታው አጠገብ ቆሞ ሊቀስም ይችል የነበረውን፣ እርሱ በብዙ ሙከራና ስህተት ገዛው።

ይኸው ሮቢን ውድ ከማንኪያ ጠራቢው ከባርናቢ ካርደር ጋር ሆኖ በ2012 በኢዴይል መንደር የማንኪያ በዓል ጀመረ። ኢዴይል ከሼፊልድ በባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል የምትርቅ ናት። በአንድ ወቅት ስለት ለዓለም ከሰጠችው ከተማ አጠገብ፣ ሰዎች በመስክ ላይ ጉቶ ፊት ተቀምጠው ስለት መያዝ ይማራሉ። በርች ወይም ሜፕል የመሰለ እርጥብ እንጨት ይፈለጣል፤ መጥረቢያው ትርፉን ያነሣል፤ ቀጥ ያለው ቢላዋ ጀርባውንና እጀታውን ያወጣል፤ ቆልማማው ቢላዋ ጎድጓዳውን ይፍቃል። ቢላዋው ከእንጨቱ ጅማት ጋር ሲሄድ ይለሰልሳል፤ በተቃራኒው ሲሄድ እንጨቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠራቢው በየጊዜው እየቆመ እንጨቱን ማንበብ አለበት። በመጨረሻም ማንኪያው ደርቆ የተልባ ዘይት ይጠጣል።

የተረፈውና ያልተረፈው

ከላይ የተነሣው ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ትርፍ ጊዜ ከሙያው ቅርጹንና የእጅ አያያዙን አትርፏል፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። የስለት አውጪውን አቧራ፣ የነጋዴውን የዋጋ ጫናና የልጅነት ድካምን አላስተረፈም፤ እነዚህም እንኳን ቀሩ። ያልተረፈው ሌላ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ፍጥነትና ብዛት ነው። በቀን ብዙ ዕቃ ካልሠራ ልጆቹ የሚራቡበት ባለሙያ እጁ ያለ ሐሳብ የሚያውቀውን፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚቀርጽ ሰው በዕድሜው ሁሉ ላይደርስበት ይችላል። ከዚህም በላይ ትርፍ ጊዜ ሰውየው መርጦት የሚቀመጥበት፣ ሲሰለቸው የሚነሣበት ነው፤ የስለት አውጪው ግን መነሣት አልቻለም። ሰንጢ ሲያድስ ይህን የሚያስታውስ ሰው ምልክቱን አይፍቅም፤ ዝናውንም ለድርጅቱ ብቻ አይሰጥም።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ታሪክ ከሩቅ የመጣ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ወናፉን እየነፋ ማረሻና ቢላዋ የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ፣ ጭልፋና ገበቴ የሚጠርበው ባለሙያ ለእንጀራው የሚሠራ ሰው እንጂ ገና የትርፍ ጊዜ መታሰቢያ አልሆነም። የቢላዋው ተጠቃሚ ሁሉ ሠሪውን ያከበረበት ዘመን ግን አልነበረም፤ ባለ እጁ በሙያው ሲሰደብና ሲገለል ኖሯል። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን መከልከላቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። ሼፊልድ በሳንባው ያስከፈለችውን ሠራተኛ ስም ሳትመዘግብ ቀርታለች፤ የበክልበሪው ቶርኖ ደግሞ የሚጠይቀው ተለማማጅ ሳይመጣ ጌታውን አጥቷል። እጁ ገና በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ባለበት አገር ግን ስሙን መጻፍ፣ ከአጠገቡ ቆሞ ማየትና የሥራውን ተገቢ ዋጋ መክፈል ዛሬም ይቻላል።